ዘንድሮ ክሩ ሁሉ ቀጥኗል

ቦንጋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዩስራ፣ ካለሽበት ኩዌት

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? ጤናሽ፣ ሥራው፣ ያ የማይቻለው ሙቀት እንዴት ነው? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። ለአባትሽ አላህ ይዘንለት፤ አንቺንም በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሠራል እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ «ይሰማል? ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል፤ የልቤን ሳልነግርሽ ይዘጋል። ስለዚህ እንደ ድሮው በእጄ እጽፋለሁ፤ ልጄ ሙባረካ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። የአንቺንም እዚያው ስልኳ ላይ ፊደሉን አተልቃ ታሳየኛለች።

ሱቁ እንደነበረ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያችው የገበያው መውረጃ ላይ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። ነገር ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ዘንድሮ የሚመጣው ክር ሁሉ ቀጥኗል። የመርፌውም ቀዳዳ ጠቧል። ፋብሪካዎቹ እየቆጠቡ ነው መሰለኝ። ጥቁሩና ጥቁር ሰማያዊው ክር ደግሞ አንድ ቀለም ሆኖ ቁጭ! በዚያ ላይ መብራቱ ጉልበት የለውም። አንዲት ነገር ላስቸግርሽ፤ እዚህ ገበያ የገዛሁት መነጽር ውሃ ነው፣ ጠንከር ያለ ፈልገሽ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።

የምሥራችም አለኝ። ሙባረካን ከሺሺንዳ ጠየቋት። ልጁ ካሊድ ይባላል፣ ሸቀጥ ይነግዳል፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ኒካው ከአረፋ በኋላ ነው ኢንሻአላህ። የሙሽራ ልብሷን ማን እንደሚሰፋ መቼም አትጠይቂኝም። የእናቷን፣ አላህ ይዘንላትና፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት። የእሷንም ሌላ ሰው አይነካውም።

አጎትሽ ኡስማን


ኩዌት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ ኡስማን

ወአለይኩሙሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ ጉልበትዎ፣ ወገብዎ እንዴት ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ለሙባረካ መብሩክ ይበሉልኝ! ከደስታዬ ብዛት ኩሽና ውስጥ ብቻዬን እልል ብል ማዳሜ ምን ሆንሽ ብላ ሮጣ መጣች።

መነጽሩን ወደ ጅማ በምትገባ ልጅ ልኬአለሁ። ባለሱቁን «ከሁሉ የሚበልጠውን ጠንካራ» ብዬ ነው የገዛሁት። ደብዳቤዎ ግን አሳቀኝ፤ መስመሩ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዱ ቃል ደግሞ ሌላው ላይ ተቀምጧል። ድሮ የእኔን ደብተር እያዩ «ፊደልሽ ሰክሯል» ይሉኝ አልነበር? ብድሬን መለስኩ። ደክሞዎት ይሆናል፤ ትንሽ ይረፉ እንጂ ጋሼ።

ልጅዎ ዩስራ


ቦንጋ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዩስራ

አሰላሙ አለይኩም። ስለቆየሁብሽ አትቀየሚኝ፤ አንድ ደብዳቤ መጻፍ አሁን አሁን ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፣ እጄ ሰንፏል። መነጽሩ ደርሶኛል፣ እጅሽ አይንጠፍ። ጥሩ ነው። መነጽር ብቻውን ግን ምን ያደርጋል? ጉዳዩ መብራቱ ነው። ጉሙ ዘንድሮ ከቦንጋ አልነሳ ብሏል፤ ሱቄ ውስጥ ድረስ ይገባል ብልሽ ታምኚኛለሽ? አምፖሉን ቀና ብዬ ሳይ ዙሪያውን ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ አለው። መኪናው ላይ የሚገጠም ደማቅ መብራት እዚያ አይጠፋም፤ እስቲ ፈልጊልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ባጃጅ ገጨኝ። አይዞሽ፣ ክንዴን ተላጥኩ እንጂ አልተሰበርኩም። በግራዬ መጥቶ ድንገት ነው ያረፈብኝ። የዛሬ ልጆች ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም፣ ጥሩምባ አይነፉ! እሱ ደግሞ ይባስ ብሎ «አባባ፣ እያዩኝ ነው የገቡብኝ» ይለኛል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ሥራ ግን ማሻአላህ። የመድረሳውን ልጆች ጀለቢያ ሃያ ሁለት ሰፍቼ አስረከብኩ። አንድ ነገር ልንገርሽና አድንቂ፤ ዓመት አለፈኝ አንድም ሰው «ጠበበኝ፣ ረዘመብኝ» ብሎ ልብስ መልሶልኝ አያውቅም። ድሮ እንኳ በሳምንት አንድ ሁለት ተጨቃጫቂ አይጠፋም ነበር። አሁን ሁሉም «እጅዎን ይባርከው» ብሎ ይዞ ይሄዳል። ሰው ሲያረጅ እጁ ይበስላል የሚሉት እውነት ነው።

አጎትሽ ኡስማን


ኩዌት፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኡስማን

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። ጋሼ፣ መብራቱን ገዝቻለሁ፤ ሰው እንዳገኘሁ እልካለሁ። ስለ መብራት ግን አይደለም የምጽፈው። እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡኝ።

ማማ የምላቸው የማዳሜ እናት ዓይናቸውን ያማቸዋል። ጠዋትና ማታ ጠብታ የማደርግላቸው እኔ ነኝ፤ ሐኪም ቤትም እኔ ነኝ የምወስዳቸው። የዓይን ግፊት ነው የሚባለው። አያምም፣ አይቀላም። ዓይንን ከዳር ከዳሩ እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። ማማም መጀመሪያ አምፖሉ ዙሪያ ቀለም አያለሁ ይሉ ነበር። የበር መቃን ይገጫሉ፣ ከዚያ በሩን ይሳደባሉ። ሐኪሙ እንደነገረኝ የጠፋውን መነጽርም መብራትም አይመልሰውም። የቀረውን ግን ጠብታው ያቆየዋል፤ ቶሎ ከተደረሰበት።

ጋሼ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ ጅማ ሄደው የዓይን ሐኪም ይዩ። ነገ ዛሬ አይበሉ። የመኪናውንም የሕክምናውንም እኔ እችላለሁ። ምንም የለብዎትም ካሉዎት እሰየው፣ በእኔ ይስቁብኛል። መልስዎን በጭንቀት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ዩስራ


ቦንጋ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዩስራ

አሰላሙ አለይኩም፣ ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ይህን የምትጽፍልሽ ሙባረካ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የዒድ ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ እጄ ምንም አልሆነም። ያንቺንም ደብዳቤ እሷው አነበበችልኝ፤ ስልኳ መብራቱ ዓይን ይወጋል።

ምነው ልጄ ደብዳቤሽን አሳጠርሽብኝ? ሰላምታና ስለ መብራቱ ብቻ። ድሮ ሦስት ገጽ የምትጽፊ ልጅ! ሥራ በዝቶብሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልተቀየምኩም። የአሮጊቷን ነገር እንኳ ደህና ናቸው ብለሽ አለፍሽው። መብራቱም ደርሷል፣ አላህ ይስጥልኝ። ትንሽ ያስቸግራል፤ ብርሃኑ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያበራው።

አሁን ደግሞ ሌላ ልመና። ለሙባረካ ልብስ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ላኪልኝ። ፈዛዛ ሳይሆን ቦግ ያለ ነጭ፣ ክሩ የሚታይ። ጊዜው ሳይደርስ ልጀምረው እፈልጋለሁ።

አጎትሽ ኡስማን


ኩዌት፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኡስማን፣ በሀምዛ እጅ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት ድሮ ሙያ ያስተማሩት ሀምዛ ነው። ስልክ ደውዬ ለምኜው ነው። ሀምዛ፣ አንድም ቃል እንዳትዘል። ወላሂ ከዘለልክ በአላህ ፊት እጠይቅሃለሁ።

ጋሼ፣ ያለፈው ደብዳቤዬ አጭር አልነበረም። ስለ ዓይንዎ ነበር። ጅማ ይሂዱ፣ ይታከሙ፣ እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሙባረካ አላነበበችልዎትም። ስደውልላት እያለቀሰች «ሐኪም ቤት የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ» አለችኝ። አይቆጧት። ልብሴን ካልሰፋ ይሞታል ብላ ፈርታ ነው።

ቀጥሎ የነገረችኝን ደግሞ ይቅር ይበሉኝና እኔው ልናገረው። ከመድረሳው ጀለቢያዎች ዘጠኙ የጨርቁ ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ነው የተሰፋው። የአንዱ እጅጌ ከሌላው አራት ጣት ይረዝማል። የኢማሙ ልብስ ግማሹ በጥቁር፣ ግማሹ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ሰው ሁሉ «እጅዎን ይባርከው» ብሎ ከእርስዎ ሱቅ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ሀምዛ ዘንድ ይሄዳል። ሀምዛ ተርትሮ እንደገና ይሰፋዋል። አንድ ሳንቲም አይቀበልም። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ገበያው በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሁሉም ስለሚወድዎት ነው የዋሸዎት። በዚያ ይሉኝታ መሃል ግን ዓይንዎ እያለቀ ነው ጋሼ!

ከሁሉ የምብሰው እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ የጻፉልኝን ደብዳቤ ሳይ ያ ሽቅብ የሚወጣው መስመር ነግሮኝ ነበር። የማማ ፊርማ እንደዚያ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ጠብታ የማደርግ ሰው እንዴት አላውቅም? ግን ደክሞት ነው አልኩ። እንዲደክምዎት ነበራ የፈለግኩት! መነጽር መግዛት ቀለለኝ፤ ያንን ቃል ከመጻፍ። እርስዎ ክር ቀጠነ ሲሉ እኔ መነጽር ላክሁ፣ ጉም ነው ሲሉ መብራት ላክሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ አባቴ ሆነው ያሳደጉኝን ሰው እንዲህ ነው የካስኩት።

ጨርቁን አልክም። ጅማ ሄጃለሁ እስኪሉኝ ድረስ አልክም።

ልጅዎ ዩስራ


ቦንጋ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዩስራ

ደብዳቤሽ ተነቦልኛል። ሀምዛ ሲያነብ ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱንም አስወጣኋቸው።

ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ማንበብ ካቃተሽ ያንቺ ጉዳይ ነው። ሰው በስተርጅናው፣ በገዛ ሱቁ፣ በገዛ ተማሪው አፍ ዕውር ነህ ይባላል? ሀምዛ ገበያ ፈልጎ ያስወራው ነው። አንቺም ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ ሐኪም ሆንሽ። ዓይኔን የማውቀው እኔ ነኝ። መነጽርሽንም መብራትሽንም ለሙባረካ ሰጥቻታለሁ፤ ትመልስልሽ። ጨርቅ ደግሞ ቦንጋም ሞልቷል።

ኡስማን


ኩዌት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኡስማን

አሰላሙ አለይኩም። ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሌሊቱን ሙሉ ፈትቼ አነበብኩት። ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፣ ልጄ አይደለሽም ይበሉኝ፤ አልከራከርዎትም። ሀምዛን ግን አይንኩት።

አንድ ነገር ብቻ። በጠራራ ፀሐይ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ። ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ግጥም አድርገው ይሸፍኑና በግራው ብቻ የሱቁን በር ይፈልጉት። ካገኙት እኔ ውሸታም ነኝ፣ ሁለተኛ አልጽፍልዎትም። ካላገኙት ቀኙ ብቻ ቀርቶልዎታል ማለት ነው። እሱም አይጠብቅዎትም ጋሼ።

ልጅዎ ዩስራ


ቦንጋ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዩስራ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የዘራሽውን ያሳጭድሽ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ስልሽ ምን እንደሆንሽ ገብቶኛል። ይህን የሚጽፈው ሀምዛ ነው። ሙባረካ አሁን ባለትዳር ናት፣ ሺሺንዳ ገብታለች። ሀምዛ የምለውን ሁሉ ይጽፋል፤ ከመሐላሽ በኋላ አንድ ቃል መዝለል ፈርቷል።

ያልሽውን አደረግሁ። አንቺን ውሸታም ለማድረግ ብዬ ነው ያደረግሁት፣ ልዋሽሽ አልችልም። ረፋድ ላይ ነበር፤ የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ይጮሃል። ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩት። ድምፁ አለ፣ ገበያው የለም። በሩም የለም። እጄ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ የለም። መዳፌን አነሳሁ፣ እንደገና ሸፈንኩ። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም። ያ ዓይን መቼ እንደሄደ እንኳ ሳልሰናበተው ነው የሄደው። ያ የባጃጅ ልጅ ትዝ አለኝ፤ ምስኪን፣ ምን ያላልኩት ነገር አለ!

ያም ሆኖ የሰው ልብ ምን ያህል ግትር እንደሆነ ተመልከቺ። ዓይኔስ ይሂድ፣ እጄ ግን አልተበላሸም አልኩ። ኢማሙ ቤት ሄድኩና ባለፈው የሰፋሁልዎትን ልብስ ያሳዩኝ አልኳቸው። ደነገጡ፣ ታጥቧል አሉ፣ የለም አሉ። አልነሳም አልኳቸው። አመጡልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ዳሰስኩት። እኔ ስፌት ስጨርስ መኪናውን ሁለት ጊዜ ነው ወደኋላ የምመልሰው። ሀምዛ ከልጅነቱ ጀምሮ ስጉ ነው፤ ይተረተራል ብሎ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ሁለት ይበቃል ብዬ ስንት ዓመት ተቆጥቼዋለሁ። የኢማሙ ልብስ ላይ፣ በአንገቱም፣ በብብቱም፣ በግርጌውም ሦስት ሦስት ነው። አንድ የእኔ ስፌት የለበትም። ኢማሙም አላፈሩም አልልሽም፤ ሁለታችንም አፍረናል።

ከዚያ ግድግዳ ይዤ ሀምዛ ሱቅ ሄድኩ። ምን እንዳልኩት እሱ ይጽፍልሻል እንዴ? ይጽፋል። «ስንት ናቸው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ይተዉት» አለ። «ስንት?» አልኩት። «አልቆጠርኩም» አለ። ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ገበያ ፈልጎ ነው ያልኩትን ልጅ ጭኑን ይዤ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ይዞኝ ጅማ ሄደ። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት፣ አንቺን ታክላለች። አይዞዎት ይድናሉ አላለችኝም። ግራው አልቋል፣ አይመለስም አለች። ቀኙም ዳር ዳሩ ሄዷል፣ መሃሉ አለ፤ ጠብታውን ጠዋት ማታ፣ ዕድሜ ልክዎን፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ካደረጉ ያለው ይቆያል አለች። «ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔ በልቤ ጨረስኩላት። ከዓመት በፊት እኮ ክሩን ስሳደብ ነበር ልጄ። እኔ ነኝ የዘገየሁት ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ አንቺ መነጽር ላክሽ፣ የጠየቅሁሽ ግን እኔ ነኝ። እውነቱን እንዳትነግሪኝ አድርጌ ነው የምጠይቅሽ የነበረው።

አሁን ሱቅ ስቀመጥ ሰው ሲገባ ቀድሜ «አላይም፣ ሀምዛ ዘንድ ሂዱ» እላለሁ። የመጀመሪያዋ ከደካ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። «እኔ እኮ ለዓመታት ከርስዎ በቀር ለሌላ ሰው አልሰጠሁም» አለችኝ። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። አስቸጋሪ ነው፣ አልሸሽግሽም። ጠዋት ስነሳ ዛሬ ሊሻለኝ ይችላል የሚል ነገር ውስጤ አለ፤ ጠብታዬን እስካደርግ ድረስ እዚያው ይቆያል። መኪናውን ለሀምዛ ሰጥቼዋለሁ። ሱቁን ግን አልዘጋም፤ ጨርቅ በእጄ ዳስሼ ጥሩውን ከመናኛው እለያለሁ፣ ለዚያ ዓይን አያስፈልግም።

የሙባረካን ልብስ ሀምዛ ሰፋው። ጅማ መሄዴን ከሀምዛ ሰምተሽ በላክሽው ጨርቅ ነው። ቆርጬ ልስጥህ ማለት አማረኝ፤ ከዚያ መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት። የኒካው ቀን ባለፈው እሁድ ነበር። ለብሳ መጥታ ፊቴ ቆመች። አንድ ላይ ሙሉዋን ላያት አልቻልኩም፤ ያለኝ ዓይን ያን ያህል አይበቃም። ስለዚህ አንገቴን እያዞርኩ በቁራጭ በቁራጭ አየኋት። አንገቱን አየሁ። የቀኝ እጅጌውን፣ ወገቡን፣ ግርጌውን አየሁ። ፊቷን አየሁ፣ እሱ ሙሉ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ቁርጥራጩን በሐሳቤ አንድ አድርጌ ገጠምኩት። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ቁራጭ አይቶ ልብሱን ማወቅ ሥራዬ ነው። «አማረብኝ አባቢ?» አለችኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሟል፣ ሁሉም እልል ለማለት የእኔን አፍ ይጠብቃል።

ግራ ትከሻዋ ላይ ስፌቱ ተኮማትሯል፣ ልብሱ ይስባል። ማንም አልነገራትም፣ ሀምዛም አላየውም። እኔ ነገርኳቸው። ሀምዛ ሙሽሪትን አስቀምጦ ተርትሮ ሰፋው።

አጎትሽ ኡስማን